ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን ይቀራል፦ የኮራል አኳሪየም ጨዋማነት እንዴት ይጠበቃል?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ቤታችሁ ውስጥ 200 ሊትር የባሕር ውሃ የያዘ የመስታወት ገንዳ አለ እንበል። ውስጡ ኮራሎች፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ኮከብ ዓሣና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። መብራቱም ማሞቂያውም ቀን ከሌት ስለሚሠሩ ውሃው በየቀኑ ሁለት ሊትር ያህል ይተናል። በ10 ቀን ውስጥ 20 ሊትር ጎደለ። ገንዳውን መልሳችሁ ለመሙላት ምን ትጨምራላችሁ? የባሕር ውሃ ወይስ ጨው የሌለው ንጹህ ውሃ?

ብዙ ሰው ሳያመነታ “የባሕር ውሃ ነዋ!” ይላል። ገንዳው የባሕር ውሃ ገንዳ አይደል እንዴ? ግን መልሱ ስህተት ነው። ይህችን ስህተት ደጋግሞ የሠራ ሰው ደግሞ ዓሣዎቹና ኮራሎቹ ለምን እንደሚሞቱበት ሳይገባው ሊቀር ይችላል። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

አንድ ቀላል ስሌት

የተለመደው የውቅያኖስ ውሃ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ገደማ የሟሟ ጨው አለው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ለስሌቱ እንዲቀለን ግን እኩል አድርገን እንያዘው። እንግዲህ 200 ኪሎ ውሃ ውስጥ 200 × 35 = 7,000 ግራም፣ ማለትም 7 ኪሎ ጨው አለ ማለት ነው።

ውሃ ሲተን ወደ አየር የሚወጣው የውሃው ሞለኪውል ብቻ ነው። ጨው አይተንም። ስለዚህ 20 ኪሎ ውሃ ከተነነ በኋላ 7 ኪሎው ጨው አንድም ሳይጎድል በቀረው 180 ኪሎ ውስጥ ተጨምቆ ይገኛል። 7,000ን ለ180 ስናካፍል 38.9 ይመጣል። የገንዳው ጨዋማነት ከ35 ወደ 38.9 ወጣ ማለት ነው።

አሁን ጉድለቱን በ20 ኪሎ የባሕር ውሃ ሞላነው እንበል። ከውሃው ጋር 700 ግራም አዲስ ጨው አብሮ ይገባል። 7,700ን ለ200 ስናካፍል 38.5 ነው። ገንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ውሃው ጥርት ብሏል፣ በዓይን የሚታይ ምንም ችግር የለም። ግን ጨዋማነቱ ወደ 35 አልተመለሰም። በሚቀጥሉት 10 ቀናት ይኸው ቢደገም 42 ይሆናል። በወሩ መጨረሻ 45.5 ይደርሳል።

ጉድለቱን በንጹህ ውሃ ብንሞላውስ? 7,000ን ለ200 ማካፈል ነው፤ መልሱ 35። በቃ፣ ቦታው ተመለሰ።

ከዚህ የምናገኘው ሕግ አጭር ነው። ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት “ከገንዳው የወጣው ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። የወጣው ውሃ ብቻ ከሆነ ውሃ ብቻ ይተካል። የወጣው ጨዋማ ውሃ ከሆነ ጨዋማ ውሃ ይተካል። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ችግሮች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመነጩት ይህን ጥያቄ ከመርሳት ነው።

ተፈጥሮ በትልቁ የሠራችው ሙከራ

ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ምን ይሆናል? መልሱን በአገራችን ምድር ላይ ማየት ይቻላል። በአፋር የሚገኘው የደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በአንድ ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚያ ይገባ ነበር። በሥፍራው ጠርዝ ላይ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የኮራል ሪፎች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። አዎ፣ ኮራል በአፋር ምድር!

በኋላ ከቀይ ባሕር ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። ፀሐይዋ ውሃውን ማትነኗን ቀጠለች፤ የተነነውን የሚተካ ግን አልነበረም። ጨዋማነቱ ወጣ፣ ወጣና ኮራሎቹ ሞቱ፤ በመጨረሻም ውሃው አልቆ ጨው ብቻ ቀረ። ለዘመናት አሞሌ እየሆነ እየተቆረጠ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ የኖረው፣ እንደ ገንዘብም ያገለገለው ጨው በአብዛኛው የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። ንጹህ ውሃ የማይተካበት የኮራል ገንዳ የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው።

የባሕር ጨው የወጥ ጨው አይደለም

“ታዲያ የአሞሌ ጨው ወይም የወጥ ጨው ውሃ ውስጥ ብናሟሟ የባሕር ውሃ አይሆንልንም?” ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አይሆንም ነው።

የወጥ ጨው ማለት ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ጨው ግን የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። በክብደት ብንቆጥረው 55 በመቶው ክሎራይድ፣ 31 በመቶ ገደማው ሶዲየም፣ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋው ሰልፌት፣ 4 በመቶ ገደማው ማግኒዚየም ሲሆን ካልሲየምና ፖታሲየም እያንዳንዳቸው 1 በመቶ ያህል ድርሻ አላቸው። ኮራል አፅሙን የሚገነባው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ያቺ ትንሽ የምትመስለው የካልሲየም ድርሻ ለእሱ የቤቱ ድንጋይ ነች።

የባሕር ውሃ ሲተን ደግሞ እነዚህ ጨዎች አንድ ላይ አይወርዱም። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት ይወርዳል። ውሃው ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ አንድ አምስተኛ ሲቀንስ ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም ይወርዳል። ወደ አንድ አሥረኛ ሲደርስ የምንበላው ሶዲየም ክሎራይድ መውረድ ይጀምራል። የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ከዚህ ተራ አንዱን ደርዝ ብቻ ቆርጣችሁ ብታሟሙት ሙሉውን ባሕር አታገኙም። ለአኳሪየም የሚሸጠው ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው የሚዘጋጀው ንጥረ ነገሮቹ በሙሉ በተመጣጠነ መጠን እንዲገኙበት ተደርጎ ነው።

ስለዚህ ምጣኔ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከ1872 እስከ 1876 “ቻሌንጀር” የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ዓለምን እየዞረች የባሕር ውሃ ሰብስባ ነበር። ኬሚስቱ ዊልያም ዲትማር ከነዚህ ውስጥ 77 ናሙናዎችን መርምሮ ውጤቱን በ1884 አሳተመ። ጨዋማነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የንጥረ ነገሮቹ የእርስ በእርስ ምጣኔ ግን በየውቅያኖሱ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። ለዚህ ነው አንዱን ባሕርይ ለክተን አጠቃላይ ጨዋማነቱን ማወቅ የምንችለው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ትምህርት ይወጣል። በ35 ጨዋማነት አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 410 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ጨዋማነቱ ወደ 30 ቢወርድ ካልሲየሙም አብሮ ወደ 350 ገደማ ይወርዳል፤ ማግኒዚየሙም እንዲሁ። ጨዋማነቱን ያልለካ ሰው “ካልሲየም አንሶኛል” ብሎ ገዝቶ ይጨምራል። በኋላ ጨዋማነቱ ሲስተካከል ካልሲየሙ ከልክ ያልፍበታል። ስለዚህ ሌላ ማንኛውንም ነገር ከመለካታችሁ በፊት ጨዋማነትን ለኩ።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ለሰላጣ የከተፋችሁት ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ብታቆዩት ሳህኑ ውሃ ያዝላል። ያ ውሃ ከየት መጣ? ከቲማቲሙ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የሕዋስ ሽፋን ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ጨውን ግን እንደልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃ ጨው ካነሰበት ወገን ጨው ወደበዛበት ወገን ይጓዛል። ይህ ጉዞ ኦስሞሲስ ይባላል።

ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት ስስ የድንች ቁራጭ ውሰዱ። አንዱን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ብዙ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አውጥታችሁ ጎንበስ ለማድረግ ሞክሩ። ንጹህ ውሃ ውስጥ የነበረው ደርቆ ቀጥ ብሏል፤ ጨው ውስጥ የነበረው ልፍስፍስ ብሏል።

ገንዳው ውስጥ ያሉ እንስሳት ይህን ኃይል የሚቋቋሙት በሁለት የተለያየ መንገድ ነው።

ዓሣዎቹ ይታገሉታል። የአብዛኛዎቹ የባሕር ዓሣዎች ደም ጨዋማነቱ የባሕሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ ያለማቋረጥ ከሰውነታቸው ወደ ባሕሩ ይወጣል። እነሱም የባሕር ውሃ ይጠጣሉ፤ አብሮ የገባውን ጨው በስንጥባቸው ላይ ባሉ ልዩ ሕዋሳት በኩል መልሰው ያስወጣሉ። ይህ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል። ጨዋማነቱ በጨመረ ቁጥር ዓሣው ለዚህ ሥራ የሚያወጣው ጉልበትም ይጨምራል።

ኮራል፣ አኔሞንና ኮከብ ዓሣ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የላቸውም። የሰውነታቸው ፈሳሽ ጨዋማነት በዙሪያቸው ካለው ባሕር ጋር እኩል ነው። ባሕሩ ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ፤ ሲቀንስ ይቀንሳሉ። ውቅያኖስ ውስጥ ጨዋማነት ብዙ ጊዜ ብዙም ስለማይለዋወጥ ይህ ኑሮ ይመቻቸዋል። ገንዳ ውስጥ ግን ጨዋማነቱ በድንገት ሲወርድ ውሃ ወደ ሕዋሶቻቸው ይገባና ያብጣሉ፤ በድንገት ሲወጣ ይሟሽሻሉ። ኮራሉ ፖሊፖቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ጉዳቱ ከበረታ ውስጡ አብረውት የሚኖሩትንና ምግብ የሚያዘጋጁለትን አልጌዎች አስወጥቶ ይነጣል። ኮከብ ዓሣ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው እግሮቹን በባሕር ውሃ ግፊት እያንቀሳቀሰ ስለሆነ ለድንገተኛ ለውጥ እጅግ ስስ ነው።

ታዲያ የቀይ ባሕር ኮራልስ?

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይህን ሊጠይቅ ይችላል፦ “በሰሜን ቀይ ባሕር ጨዋማነቱ ከ40 በላይ ነው። በኤይላትና በአቃባ አካባቢ ያሉት ኮራሎች ግን በሰላም ይኖራሉ። በፋርስ ባሕረ ሰላጤም ከ40 በላይ በሆነ ውሃ የሚኖሩ ኮራሎች አሉ። ታዲያ የኔ ገንዳ 40 ቢሆን ምን ችግር አለው?”

እውነት ነው፣ እነዚያ ኮራሎች ይኖራሉ። ግን እዚያው ነው የተወለዱት። የእነሱ ወገን በዚያ ውሃ ውስጥ ብዙ ትውልድ አሳልፏል። ገበያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ኮራሎች ደግሞ ዘራቸው እንደ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ካሉ ሥፍራዎች የመጣ ነው፤ እዚያ ያለው ውሃ ወደ 35 ይጠጋል። ስለዚህ ግባችሁ 35 አካባቢ ይሁን። 34.5 ወይም 35.5 ቢሆን አትጨነቁ። የሚጎዳው ዛሬ 34፣ ነገ 37፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ 33 መሆኑ ነው። እንስሳው ለአንዱ ሲዘጋጅ ሌላው ይመጣበታል።

በምን እንለካ?

ምላስ አይለካም፤ ዓይንም አያይም። መሣሪያ ያስፈልጋል። ሦስት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው ሃይድሮሜትር ነው። ጨዋማ ውሃ ይበልጥ እፍጋት ስላለው ነገሮች ከፍ ብለው ይንሳፈፉበታል፤ መሣሪያው ይህን ይለካል። በ35 ጨዋማነትና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንባቡ 1.026 ገደማ መሆን አለበት። ርካሽ ነው፤ ግን በቀላሉ ይሳሳታል። በመርፌዋ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀች ወደ ላይ ታነሳትና ጨዋማነቱ ከእውነተኛው የበዛ ይመስላል። ደለልና ጨው ከተጋገረባት ደግሞ ትከብድና ያነሰ ይመስላል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ሁልጊዜ በንጹህ ውሃ እጠቡት።

ሁለተኛው ሪፍራክቶሜትር ነው። ብርሃን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ይበልጥ ይታጠፋል። ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ መስታወቱ ላይ አድርጋችሁ፣ የውሃው ሙቀት ከመሣሪያው ጋር እንዲስማማ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ታነባላችሁ።

ሦስተኛው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የሚለካ ዲጂታል መሣሪያ ነው። ጨው በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል። በ35 ጨዋማነትና በ25 ዲግሪ 53 ሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር ያህል ያሳያል።

የትኛውንም ብትይዙ መፈተሽ የግድ ነው። ብዙ ሰው ሪፍራክቶሜትሩን በንጹህ ውሃ ብቻ ይፈትሽና ዜሮ ካሳየ “ትክክል ነው” ይላል። እስቲ የገበያ ሚዛን አስቡ። ባዶውን ዜሮ ማሳየቱ አምስት ኪሎ ሥጋ ሲጫንበት አምስት ለማለቱ ዋስትና ይሆናል? አይሆንም። ባለ አምስት ኪሎ ድንጋዩን ጭናችሁ ማየት አለባችሁ። ሪፍራክቶሜትርም እንዲሁ ነው፤ ለመለካት በምትፈልጉት ቦታ፣ ማለትም በ35 አካባቢ፣ መፈተሽ አለበት። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ርካሽ ሪፍራክቶሜትሮች የተሠሩት ለባሕር ውሃ ሳይሆን ለተራ የጨው ውሃ ስለሆነ ንባባቸው ከአንድ ግራም በላይ ሊዛነፍ ይችላል።

ለመፈተሻ የሚሆን ፈሳሽ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ካጣችሁ ለሪፍራክቶሜትር ብቻ የሚሆን በቤት ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ትናንሽ ክብደት በሚለይ ዲጂታል ሚዛን 36.5 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው መዝኑ፤ በ963.5 ግራም የተጣራ ውሃ ውስጥ አሟሙት። ይህ ፈሳሽ ብርሃንን የሚያጥፈው 35 ጨዋማነት ያለው የባሕር ውሃ በሚያጥፈው ልክ ነው። ስለዚህ መሣሪያው 35 እስኪያሳይ ድረስ ብሎኑን አስተካክሉ። ይህ ልኬት ለሃይድሮሜትርም ሆነ ለዲጂታሉ አይሠራም። ለገንዳውም አይሆንም፤ የወጥ ጨው ነው ብለናል።

ጨዋማነት የሚሾልክባቸው በሮች

ትነትን አይተናል። ሌሎቹስ?

ፕሮቲን ስኪመር፦ ይህ መሣሪያ ቆሻሻን በአረፋ እያነሳ ከገንዳው ያወጣል። የሚያወጣው ፈሳሽ ግን ጨዋማ ነው። በቀን ሩብ ሊትር ቢያወጣ ወደ 9 ግራም ጨው አብሮ ይሄዳል። ጉድለቱን በንጹህ ውሃ ብቻ ከተካችሁት የ200 ሊትሩ ገንዳ በወር ውስጥ ከ35 ወደ 33.7 ገደማ ይወርዳል። “ሁልጊዜ ንጹህ ውሃ ጨምር” የሚለው ምክር ያለ ማሰብ ከተያዘ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄያችሁን አስታውሱ፦ የወጣው ምንድን ነው?

የሚረጭ ውሃ፦ በክዳኑና በጠርዙ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከገንዳው የወጣ ጨው ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ተከትሎ ሶኬት ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ፤ ጠብታው እዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይደርስም።

ራሱን የሚሞላ መሣሪያ፦ ውሃው ሲጎድል የሚያውቅ ሴንሰር ትንሽ ፓምፕ ያስነሳና ከጎን ካለ ባልዲ ንጹህ ውሃ ይጨምራል። በጣም ጠቃሚ ነው። ሴንሰሩ ከተበላሸ ግን ባልዲውን በሙሉ ይገለብጠዋል። ባልዲው 20 ሊትር ከሆነ የገንዳው ጨዋማነት ወደ 31.8 ይወርዳል፤ ይጎዳል፣ ግን ሊታረም ይችላል። 60 ሊትር ከሆነ ወደ 27 ይወርዳል፤ ውሃውም ከገንዳው አልፎ ወለሉ ላይ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ባልዲ ማስቀመጥ ድካም ቢቀንስም አደጋውን ይጨምራል።

አዲስ የተበጠበጠ ውሃ፦ ከፊል ውሃ ስትቀይሩ አዲሱን ውሃ ለብቻው በንጹህ ዕቃ በጥብጡት፤ እያማሰላችሁ ለብዙ ሰዓታት አቆዩት፤ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ሲስተካከል ለኩት። ደረቅ ጨው በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አትጨምሩ። ያልሟሟ ቅንጣት ኮራል ላይ ካረፈ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

የቧንቧ ውሃ፦ የቧንቧ ውሃም የራሱ ማዕድን አለው፤ ክሎሪንም ሊኖረው ይችላል። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። በየቀኑ ሲጨመር ለወራት ይከማቻል። ለዚህ ነው በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ የሚመረጠው።

አዲስ እንግዳ፦ አንዳንድ ሱቆች ዓሣዎቻቸውን ዝቅ ባለ ጨዋማነት ያቆያሉ። ስለዚህ እንስሳው የመጣበትን ከረጢት ውሃ ለኩ። ልዩነት ካለ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቀስ በቀስ አላምዱት። ለኮከብ ዓሣ ትዕግሥታችሁ ከፍ ያለ ይሁን።

ሲዛባ እንዴት ይታረማል?

መሣሪያው 38.5 አሳያችሁ እንበል። መጀመሪያ አትደንግጡ። መሣሪያውን ፈትሻችሁ እንደገና ለኩ። ብዙ እንስሳት የሞቱት በጨዋማነቱ ሳይሆን በተሳሳተ ንባብ ተመርተን በምናደርገው የችኮላ “ማስተካከያ” ነው።

ንባቡ እውነት ከሆነ ከገንዳው ጨዋማ ውሃ ቀድታችሁ በዚያው ልክ ንጹህ ውሃ ትተካላችሁ። ለ200 ሊትሩ ገንዳ በቀን 4.5 ሊትር ያህል እየቀዳችሁ ብትተኩ ጨዋማነቱ በየቀኑ ከአንድ ግራም ባነሰ ይወርዳል፤ በአራት ቀን 35 አካባቢ ትደርሳላችሁ። የተነነውንም ጎን ለጎን በንጹህ ውሃ መተካቱን አትርሱ። “በቀን ከአንድ ግራም ያልበለጠ” የሚለው ልክ ለብዙ ገንዳዎች ጥሩ ጥንቃቄ ነው።

ጨዋማነቱ ወደ 31 ወርዶ ከሆነስ? እዚህ ትነት ራሱ ይረዳችኋል። በየቀኑ የሚተነውን ሁለት ሊትር በንጹህ ውሃ ምትክ ለተወሰኑ ቀናት 35 በሆነ የባሕር ውሃ ሙሉት። በየቀኑ 70 ግራም ጨው ይገባል። የጎደለው 800 ግራም ስለሆነ ከ11 እስከ 12 ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ስህተት ያልነው ነገር እዚህ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። 35 ሲደርስ ግን ወዲያው አቁማችሁ ወደ ንጹህ ውሃ ተመለሱ።

ከዛሬ ጀምሮ ምን ላድርግ?

ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ገንዳው በሙሉ ውሃ ሲሆን የውሃውን ከፍታ በመስታወቱ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከሥር ሁለተኛ ገንዳ ያለው ከሆነ ጉድለቱ የሚታየው ፓምፑ ባለበት ክፍል ስለሆነ ምልክቱን እዚያ ላይ አድርጉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ወደ ምልክቱ ሙሉት። በሳምንት አንድ ቀን ጨዋማነቱን ለኩና ቀኑን፣ ሙቀቱንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። መሣሪያውን በወር አንዴ ፈትሹት። ከሁለት ወር በኋላ ደብተራችሁ ውሃው ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ በየሳምንቱ ትንሽ እየቀነሰ ከሄደ ጨው የሚወጣበትን በር ፈልጉ፣ እየጨመረ ከሄደም ጨው ያለቦታው የገባበትን ፈልጉ።

አኳሪየም የሌላችሁም ብትሆኑ በሁለት ብርጭቆ መሞከር ትችላላችሁ። እኩል ውሃና እኩል ጨው አድርጋችሁ ከፍታቸውን ምልክት አድርጉ፤ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ አስቀምጡ። አንዱን በየቀኑ በንጹህ ውሃ፣ ሌላውን በዚያው ዓይነት ጨዋማ ውሃ ሙሉት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጥሬ እንቁላል ቀስ አድርጋችሁ በየተራ ጨምሩባቸውና የትኛው ላይ ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ እዩ።

ባሕር ውስጥ ያለን ኮራል የሚጠብቀው የውቅያኖሱ ስፋት ነው። ከሰማይ ዝናብ ይዘንባል፣ ወንዝ ይገባል፣ ሞገድ ያዋህዳል፤ ጨዋማነቱ ብዙም አይናወጥም። መስታወት ውስጥ ያለው ኮራል ግን ዝናብ የለውም። ዝናቡ በየቀኑ ወደ ምልክቱ የምትሞሉት ያ ሁለት ሊትር ንጹህ ውሃ ነው።